ሰው አጠገቡ ለማይቀመጥ ኮምፒውተር ኮድ ለምትጽፉ

ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በተራራ ጫፍ ብቻቸውን የሚያድሩ፣ በሶላር ባትሪ የሚሠሩ የዝናብ መመዝገቢያዎችን በመሥራት ነው። የቢሮ ኮምፒውተር ደርቆ ሲቀር አንድ ሰው አጥፍቶ ያበራዋል። የተራራውን ግን ማን ያበራዋል? እኔ አንዲት ቁልፍ ለመጫን ግማሽ ቀን በመኪና፣ የቀረውን በበቅሎ ሄጃለሁ።

ያ መሣሪያ ዎችዶግ ነበረው። ዎችዶግ ወደ ዜሮ የሚቆጥር ሰዓት ነው፤ ፕሮግራሙ «አለሁ» እያለ ካላደሰው መሣሪያውን እንደገና ያስነሳዋል። ታዲያ ለምን አላስነሳውም? ጥፋቱ የእኔ ነበር። «አለሁ» የሚለውን ትእዛዝ በየሰከንዱ በሚመጣ ኢንተራፕት (ዋናውን ፕሮግራም ለአፍታ አቋርጦ የሚሠራ አጭር ኮድ) ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ዋናው ፕሮግራም የመለኪያውን መልስ ሲጠብቅ ደርቋል፤ ኢንተራፕቱ ግን ሳይታክት «አለሁ» ይላል። ክረምቱን ሙሉ አንድ ጠብታ አልተመዘገበም። የዚያን ዓመት ዝናብ ከየትም መልሶ ማምጣት አይቻልም፤ ዛሬም ይቆጨኛል። እባካችሁ፣ ዎችዶጉ የሚታደሰው መለኪያው ተነብቦ መረጃው ከተጻፈ በኋላ ብቻ ይሁን።

መነሣቱም ብቻውን አይበቃም፤ ለምን እንደተነሣ መዝግቡ። በ1997 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ መንኮራኩር ፓዝፋይንደር ደጋግማ ራሷን ታስነሣ ነበር። ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ የያዘውን የጋራ ቁልፍ (ሥራዎች በየተራ የሚይዙትን የመጠቀሚያ ፈቃድ) ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ሲጠብቅ፣ መካከለኛው በመሐል ገብቶ ያዘገየዋል፤ ተቆጣጣሪው ፕሮግራም ሥራው በጊዜው አለማለቁን አይቶ ሁሉንም እንደገና ያስጀምራል። መሐንዲሶቹ የመከታተያ መዝገቡን ከሶፍትዌሩ ስላላወጡት ችግሩን ምድር ባለው ቅጂ ላይ ደግመው አዩት፤ ማስተካከያውንም ወደ ማርስ ላኩ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው፦ ምልክቱ ከመምጠቋ በፊት በሙከራ ላይ ታይቶ ነበር። ምክንያቱ ያልታወቀ አንድ መነሣት ካያችሁ አትለፉት።

ሌላው ጊዜ ነው። ሚሊሰከንድ የሚቆጥር የ32 ቢት ቆጣሪ በ49 ቀን ከ17 ሰዓት ገደማ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የሁለት ሳምንት ሙከራ ይህንን አያሳያችሁም። በሙከራ ጊዜ ቆጣሪውን ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው አስጀምሩትና ከጠረጴዛችሁ ሳትነሡ እዩት። ሚሞሪ ካርድ ላይ እየጻፈ ሳለም የኃይል ገመዱን ንቀሉ፤ መልሳችሁ ሰኩት፤ ደግሞ ንቀሉ። አንድ መቶ ጊዜ። የተበላሸ ፋይል ካገኛችሁ፣ መሣሪያው ገና ከእጃችሁ አልወጣም።