ጎርፉን በፎቶ ማሳየት ይሠራል ወይ?

ወንድሜ፣ «አቃቂ ወንዝ ዳር ነው የምንኖረው፤ ጎርፍ ይመጣል ብንል የሚሰማን የለም፣ በፎቶና በስዕል ብንሞክርስ?» ብለህ ነበር። ይሠራል። ግን ከኢንተርኔት በወረደ ፎቶ አትጀምር። የባህር ማዶ ጎርፍ ለሰፈራችሁ እናቶች ፊልም ነው።

የራሳችሁን ሰፈር አንሱ። ድልድዩን ግንቦት ላይ ውሃው ጎድሎ፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ እዚያው ቦታ ቆማችሁ ሞልቶ። ሁለቱን ጎን ለጎን አትማችሁ እድር ስብሰባ ላይ አሳዩ። ከዚያ ዝም በሉ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው «ያኔ እስከዚህ ደርሶ ነበር» ማለት ይጀምራሉ። እኔ የምፈልገው ያንን ወሬ ነው። በስልክ ቅዱት፤ የተባለውን ቁመት ግድግዳ ላይ በቀለም አስምሩ። ልጆቹ ደግሞ ካርታ ይሳሉ፦ ጎርፉ በሌሊት ቢመጣ ሰው በየት በኩል ያመልጣል? ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት የት ናቸው?

መጋቢት 2009 ቆሼ ላይ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ክምሩ ለአሥርት ዓመታት ዓይናችን ሥር ነበር። አደጋ ሳይደርስ የሚነሳው ፎቶ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው። የሐዘንተኛ ፊት ግን ሳታስፈቅዱ ቴሌግራም ላይ እንዳትለጥፉ፣ ነውር ነው።

ደግሞ ህትመቱን ላስቲክ አልብሱት። የእኛ በመጀመሪያው ዝናብ ቀለሙ ለቀቀ።