ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በየማለዳው ሽቅብ እየተራመድኩ ክብደቴ ለምን አልቀነሰም?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ነው። ደሴ አራዳ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ አለኝ፤ ውሎዬ ባብዛኛው ተቀምጬ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቴ 82 ኪሎ ነው። እናቴ ስኳር ስላለባት ፈርቼ፣ ከሁለት ወር ወዲህ በሳምንት አምስት ቀን ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ ለ45 ደቂቃ እራመዳለሁ። ስመለስ ሻይ በቦምቦሊኖ እቀምሳለሁ። ቡና በቀን ሁለት ጊዜ አፈላለሁ፤ ሦስቱንም እጠጣለሁ፣ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር አደርጋለሁ። ከዚህ ሌላ ብዙ አልበላም። ዘይት እንኳ ተወዶብን አምስት ሊትሩን ለአራት ሰው ሃያ ቀን እያብቃቃን ነው። ክብደቴ ግን ግማሽ ኪሎ እንኳ አልወረደም፤ ስወርድ ደግሞ ጉልበቴን ያመኝ ጀምሯል። በቀን ስንት ካሎሪ ልብላ? ምን ያህልስ ልራመድ? ቁርስ ብተው ይሻላል? በረመዳን ስጾም እንኳ አልቀነስኩም።
ዘ.፣ ከደሴ

መልስ፦ ሁለት ወር ሳያቋርጡ መራመድዎ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ስለዚህ አስቀድሜ የምለምንዎ፣ ሚዛኑ አልወርድ ስላለ ብቻ የእግር ጉዞውን እንዳይተዉ ነው። ሚዛኑ ያልወረደበት ምክንያት ደግሞ በራስዎ ደብዳቤ ውስጥ ስላለ፣ ሂሳቡን አብረን እንሥራው።

ሰውነታችን ተኝተን ብንውል እንኳ ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለጉበትና ለሙቀት ኃይል ያጠፋል። በእርስዎ ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት ሲሰላ ይህ መሠረታዊ ወጪ በቀን 1,450 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ሱቅ መዋሉና ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለቱ ሲጨመርበት፣ የእግር ጉዞውን ሳንቆጥር የቀን ወጪዎ ወደ 2,000 ካሎሪ ይጠጋል። ዕድሜያቸውና ክብደታቸው እኩል በሆነ ሁለት ሰዎች መካከልም ልዩነት ስለሚኖር ቁጥሩን እንደ መነሻ እንጂ እንደ ፍርድ አይውሰዱት።

የ45 ደቂቃ ጉዞ በእርስዎ ክብደትና በመካከለኛ ፍጥነት፣ ያን ጊዜ ተቀምጠው ቢያሳልፉት ከሚያጠፉት በላይ ከ150 እስከ 200 ካሎሪ ያስወጣል፤ ሽቅቡ ይህን ከፍ ያደርገዋል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ይቀንሰዋል። በቀን 200 ብንል በሳምንት 1,000 ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ የሚይዝ በመሆኑ፣ ምግብዎ ምንም ሳይለወጥ በጉዞው ብቻ አንድ ኪሎ ለመቀነስ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል ማለት ነው። ይህም ከጉዞው መልስ ምንም ካልተጨመረ ነው። በዘይት የተጠበሰ ቦምቦሊኖ ግን አንዱ ብቻ ከ200 ካሎሪ ስለማያንስ፣ ጦሳ ላይ ያወጡትን ሻይ ቤት ገብተው መልሰው ተቀብለውታል። ሰው ሲደክም መራቡ የተፈጥሮ ነው፤ አልፎ ተርፎም ማለዳ የተራመደ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳያውቀው መቀመጥ ያበዛል። እንቅስቃሴ ብቻውን ክብደትን እምብዛም የማይቀንሰው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ እንመለስ፤ ስለ ዋጋው ብለው የጻፉት ዓረፍተ ነገር ለእኔ ከምርመራ ውጤት አይተናነስም። አምስት ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ስላለው ጀሪካኑ በጠቅላላው ከ41,000 ካሎሪ በላይ ይይዛል። ይህን ለአራት ሰውና ለሃያ ቀን ስናካፍለው ለአንድ ሰው በቀን ከ500 ካሎሪ በላይ ይደርሳል፤ ይኸውም አራት የሾርባ ማንኪያ የሚበልጥ ዘይት ነው። ልጆች ካሉ ድርሻቸው ሊያንስ፣ የእርስዎም በዚያው ልክ ሊበዛ ይችላል። ቅቤ ካለ ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው። «ብዙ አልበላም» ማለትዎን አምናለሁ፤ ዘይት ሆድን ሳይሞላ ካሎሪ ስለሚጨምር፣ በዓይን የሚታየው የምግብ መጠን ትንሽ ሆኖ ካሎሪው ግን ብዙ ሊሆን ይችላል።

ሽንኩርት ሲቁላላ ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስቱ ላይ መገልበጥ የተለመደ ነው፤ እጅ ሲለምድ ምን ያህል እንደፈሰሰ አያስተውልም። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል ዘይቱን በሾርባ ማንኪያ እየሰፈሩ ይጨምሩ። ሽንኩርቱን በራሱ ውኃ፣ ሲደርቅም ጠብ ጠብ በሚደረግ ውኃ አብስሎ ዘይቱን ኋላ ላይ ማስገባት ይቻላል፤ ወጡም አይበላሽም። የእርስዎ ድርሻ በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን፣ በዚህ ብቻ ከ250 ካሎሪ በላይ ይቀንሳሉ። የዘይቱን ወጪ መቀነሱ ምርቃት ነው።

ቡናውን በተመለከተ፣ የወሎን ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይቅር ማለት ለሐኪምም አይከብድም አልልም፤ ደግሞም አያስፈልግም። ቡናው ራሱ ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ግን 16 ካሎሪ ያህል አለው፤ ስድስት ስኒ በሁለት ሁለት ማንኪያ ሲሆን 190 ካሎሪ፣ ማለትም አንድ ሙሉ የማለዳ ጉዞ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱን ማንኪያ ወደ አንድ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ወደ ግማሽ ቢያወርዱት ምላስ ይለምደዋል። ያልጻፉልኝ የቡና ቁርስ አለ ብዬ እገምታለሁ፤ ሁለት እፍኝ ቆሎ ከ200 ካሎሪ ያላነሰ ስለሆነ አንዱን ቡና ያለ ቡና ቁርስ ይጠጡት።

እንግዲህ የጠየቁኝን ቁጥር ልስጥዎ። በቀን ከ1,500 እስከ 1,600 ካሎሪ ቢመገቡና ጉዞውን ቢቀጥሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ይቀንሳሉ ተብሎ ይጠበቃል። ያለ ሐኪም ክትትል ከ1,200 በታች እንዲወርዱ አልመክርም፤ በረሃብ የሚመጣ ቅናሽ ስቡን ብቻ ሳይሆን ጡንቻንም ይዞ ይሄዳል፣ ሰውየውም ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ከትሪ አብሮ የሚበላ ሰው ካሎሪ ሊቆጥር አይችልም፤ እንዲቆጥሩም አልጠይቅዎትም። እንጀራውን መቁጠር ግን ይቻላል። አንድ ሙሉ እንጀራ እንደ ስፋቱና እንደ ውፍረቱ በግምት ከ350 እስከ 500 ካሎሪ አለው። ድርሻዎን ከመቀመጥዎ በፊት ለይተው ጠቅልለው ፊትዎ ያድርጉ፣ ከዚያ ውጭ ያለው የሌላው ሰው ነው። ለቁርስ የተቀቀለ እንቁላልና ሩብ እንጀራ፣ ለምሳ ከግማሽ በለጥ ያለ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ፣ ለእራት ግማሽ እንጀራ ብዙ ጎመንና ሰላጣ ተደርጎበት ቢሆን፣ ከላይ ባልኩት ዘይትና ስኳር ቀኑ ከ1,600 አያልፍም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ እንቁላልና ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ፕሮቲን ስለሚሰጡ ረሃብን ያስታግሳሉ፣ ጡንቻንም ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ ሲቀንሱ ከእንጀራውና ከዘይቱ እንጂ ከወጡ እህል አይቀንሱ። ጉርሻ ሲመጣ ይቀበሉ፤ በአንድ ጉርሻ የወፈረ ሰው አላየሁም።

ቁርስ መተው በራሱ አያከሳም። ወሳኙ የቀኑ ድምር ስለሆነ፣ ቁርስ ትተው በአሥር ሰዓት ሳምቡሳ የሚገዙ ከሆነ ትርፍ የለውም። በረመዳንም የሆነው ይኸው ይመስለኛል። የጾሙ ሰዓት ረጅም ቢሆንም ማፍጠሪያው ላይ ተምሩ፣ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ጣፋጩና ጭማቂው ተከታትሎ ሲመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የቀኑን ግማሽ መብላት ይቻላል። ለሚቀጥለው ረመዳን በተምርና በውኃ ያፍጥሩ፣ ሾርባውን ይጠጡ፣ ከተጠበሰው አንድ ብቻ ይውሰዱ። የእግር ጉዞውን ደግሞ ወደ ማታ ያዛውሩት።

ስለ እንቅስቃሴው መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። የእርስዎ 225 ደቂቃ ስለሆነ በቂ ነው፤ ደቂቃ ከመጨመር ይልቅ የጎደለውን የጡንቻ ሥራ ይጀምሩ። ከወንበር እጅ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ትንሽ አርፎ ሁለት ጊዜ መድገም፣ ግድግዳ ተደግፎ በክንድ መግፋት፣ በየእጅዎ ባለ ሁለት ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ማንሳት ለመነሻ ይበቃል። ሱቅ ውስጥም ጣቃ ሲያነሱና ሲያወርዱ ረዳቱን ከመጥራት ራስዎ ቢያደርጉት መልካም ነው።

ፍጥነቱን ለመለካት ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግም፤ እየተራመዱ ማውራት ከቻሉና መዝፈን ካቃተዎት መካከለኛው ልክ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዳገቱ ትንፋሽ ማሳጠሩ አይገርምም፤ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት ግን ቀስ ይበሉ።

ጉልበትዎን የሚጎዳው ሽቅቡ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ስንወርድ የሰውነታችን ክብደት በየእርምጃው በጉልበት ቆብ ላይ ያርፋል፤ ካሎሪ የሚያስወጣው ግን መውጣቱ ነው። የከተማችን ሰው ሲወጣ ባጃጅ ይዞ ሲወርድ በእግሩ የመሄድ ልማድ አለው፤ እርስዎ ይገልብጡት። ሽቅቡን በእግርዎ ይውጡ፣ ቁልቁለቱን በባጃጅ ይውረዱ፤ ባጃጅ በሌለበት ሰዓት ደግሞ ከከተማው ሜዳማውን መንገድ መርጠው ይመላለሱ። ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ በሚሰነብቱበት ጊዜ ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ለጉልበት ይመቻል፤ ቆላ ቀመስ በመሆኑ ግን ማለዳ ይውጡ፣ ውኃም ይያዙ። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ሌሊት ካመመዎ ይታዩ።

ክብደትዎን በሳምንት አንድ ቀን፣ ማለዳ ሳይበሉ፣ በአንድ ሚዛን ላይ ብቻ ይለኩ። መንገድ ዳር ባለ ሚዛን፣ አንድ ቀን በጫማና በጋቢ ሌላ ቀን ያለ እነሱ መመዘን የሚያሳየው ልብስን ነው። በተጨማሪም የወር አበባ ሲቃረብና ጨው ሲበዛ ሰውነት ውኃ ስለሚይዝ ሚዛኑ አንድ ሁለት ኪሎ ሊዋዥቅ ይችላል። ሜትር ከእጅዎ ስለማይጠፋ ወገብዎንም ከእምብርት ከፍ ብሎ በወር አንድ ጊዜ ይለኩ፤ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ለስኳርና ለልብ ሕመም ተጋላጭነት መጨመር ይጀምራል፣ ከ88 ሲያልፍ ይብሳል። ጡንቻ እያገኙ ስብ ሲቀንሱ ሚዛኑ ቆሞ ወገቡ የሚጠብበት ወር አለ።

የት ድረስ ልቀንስ ለሚለው፣ አሁን ያለዎት የክብደትና የቁመት ምጣኔ (ኪሎው በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ሲካፈል) 32 ሲሆን ከ30 በላይ ያለው ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። የመጀመሪያ ግብዎ ግን ቀጭን መሆን አይደለም፤ ከ82 ኪሎ ስድስቱን መቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ በአሜሪካ የተካሄደ ትልቅ ጥናት፣ የደም ስኳራቸው ከፍ ያለና ገና ስኳር ያልያዛቸው ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህሉን ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲታገዙ፣ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በእናትዎ ምክንያት ለሚሰጉት ለእርስዎ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። እየቀነሱ ሲሄዱ ግን ቀሎ የሚንቀሳቀስ አካል የሚያጠፋው ኃይል ስለሚያንስ ቅናሹ ይዘገያል፤ አሥር ኪሎ የቀነሰ ሰው የቀን ወጪው ቢያንስ በ140 ካሎሪ ያህል ይወርዳል። ያን ጊዜ መራብ ሳይሆን ከእንጀራው ጥቂት መቀነስ ወይም ጉዞውን ማስረዘም ነው መፍትሔው።

ገበያ ላይ «ማቅጠኛ» ተብለው የሚሸጡ ሻይና እንክብሎችን አይግዙ። ብዙዎቹ ተቅማጥ የሚያመጡ ናቸው፤ የሚያስወጡት ውኃ ነው፣ ስቡም ባለበት ይቀራል።

ዕቅዱን ከመጀመርዎ በፊት በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ሳይበሉ የደም ስኳርና የደም ግፊት ይለኩ፤ ያለ ምግብ የተለካ ስኳር 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ተደግሞ ከተረጋገጠ ሕክምና መጀመር አለበት። ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት ወይም አንገት ላይ እብጠት ካለ የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁ። ሲራመዱ ደረትን የሚያፍን ሕመም ወይም ራስ መሳት ካጋጠመ ወዲያው ቆመው ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ለእናትዎም አንድ ነገር አለ፦ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር እንክብል የሚወስዱ ከሆነ አብረዋቸው ምግብ አያስቀንሷቸው፤ ስኳራቸው ከመጠን በላይ ሊወርድ ስለሚችል መጀመሪያ የመድኃኒቱ መጠን መታየት አለበት። እርስዎም የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ የሚወስዱ ከሆነ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ስለሚጨምር ለሚያክምዎ ባለሙያ ይንገሩ፤ በሌላ የመከላከያ ዘዴ መተካት ስለሚቻል መርፌውን በራስዎ አያቋርጡ።