ፈረሱን ሁሉ ያውቀዋል፤ አጋሰሱስ?

ባለፈው ጽሑፌ «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከበረሩት አውሮፕላኖች ከሁሉ በላይ ለውጤቱ የበጀው የትኛው ነው?» ብዬ ጠይቄ እሳት ጫርኩ። ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ሰባቱን መርጫለሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ «ያኔ 1933 ነበር» ብላችሁ እንዳትቆጡኝ።

ሁለት ጓደኛሞች በክትፎ ተወራርደዋል። አንዱ የእንግሊዙ ተዋጊ ስፒትፋየር ይላል፣ ሌላው የአሜሪካው ተዋጊ ሙስታንግ። እኔ ዳኛ ነኝ አሉ።

ክትፎውን ተካፈሉት። በ1940 ጀርመን እንግሊዝን ከሰማይ ስትደበድብ ሙስታንግ ለውጊያ አልደረሰም ነበር። በ1944 ደግሞ ቦምብ ጣዮችን አጅቦ በርሊን ደርሶ የሚመለስ ተዋጊ ሲፈለግ የስፒትፋየር ነዳጅ አይበቃም፤ ሙስታንግ ግን በክንፉ ሥር ተጨማሪ ታንክ አንጠልጥሎ ይደርሳል። ደግሞም ልባቸው አንድ ነው፤ ሙስታንግ ስሙ የገነነው እንደ ስፒትፋየር የመርሊን ሞተር ከተገጠመለት በኋላ ነው። የ1940ውን ነገር ካነሣችሁ ግን ሁለታችሁም ተበልታችኋል። ያን ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ የጀርመን አውሮፕላን የጣለው ሌላው የእንግሊዝ ተዋጊ፣ ሃሪኬን ነው። የኋላ አካሉ ጨርቅ የለበሰ ስለነበር ጥይት ሲበሳው ጠጋግነው ቶሎ ወደ ሰማይ ይመልሱት ነበር።

በጄት ሞተር መጀመሪያ የበረረው?

የጀርመኑ ሄንክል 178፣ ኦገስት 27 ቀን 1939።

አንድ አንባቢ ተቆጥተዋል። ሂሮሺማንና ናጋሳኪን ያጠፋው ቢ-29 ጦርነቱን ጨርሶት ሳለ ምን ያከራክራል ባይ ናቸው።

የሚያከራክረው አቆጣጠሩ ነው። ቦምቡ የወደቀው በኦገስት 1945 ሲሆን ጀርመን እጇን የሰጠችው በሜይ ነው፤ ቢ-29 በጀርመን ላይ አንዲት ቦምብ አልጣለም። ጃፓንን በተመለከተ ክብደቱን አልክድም። እንዲያውም እሱን ለመሥራት የወጣው ገንዘብ ለአቶሚክ ቦምቡ ከወጣው ይበልጣል።

ከሐዋሳ የጻፈችልኝ እህት «ራስህ የማትመልሰውን ለምን ትጠይቃለህ?» ትላለች።

እመልሳለሁ፣ እህቴ። የእኔ ድምፅ ለአሜሪካው የጭነት አውሮፕላን ለሲ-47 ነው። መትረየስ የለውም፣ ቦምብ አይጥልም። ሁለት ሞተር፣ ሰፊ ሆድ፣ በግራና በቀኝ ተጣጣፊ አግዳሚ፣ በቃ። በ1935 ዲሲ-3 ተብሎ የተነሣ የመንገደኛ አውሮፕላን ነበር፤ ጦርነት ሲመጣ ወታደር አደረጉት።

የጀግኖቻችንን የፈረስ ስም ጠንቅቀን እናውቃለን፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። በአጋሰሱ ስም የፎከረ ጀግና ግን ማን ሰምቷል? ስንቁን፣ ጥይቱንና ድንኳኑን ተሸክሞ ከኋላ የሚያዘግመው እሱ ባይደርስ ፈረሱ የት ይደርስ ነበር? የአውሮፕላን ክርክራችንም ያው ነው። የመጣልኝ ደብዳቤ ሁሉ የፈረስ ነው።

ጁን 6 ቀን 1944 ሌሊት ከ800 በላይ ሲ-47ዎች ከ13 ሺህ በላይ የአሜሪካ አየር ወለድ ወታደሮችን ኖርማንዲ ላይ አወረዱ። በ1942 የበርማ መንገድ ተዘግቶ ቻይና ስትነጠል በሂማላያ አናት ላይ ስንቅና ነዳጅ ማድረስ ከጀመሩት አንዱ እሱ ነው። በምዕራብ አውሮፓ የተባባሪዎቹ ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል አይዘንሃወር ለድሉ ዋና ዋና ብለው ከቆጠሯቸው መሣሪያዎች መካከል ቡልዶዘር፣ ጂፕ፣ የጭነት መኪናና ሲ-47 ይገኙበታል፤ አንዳቸውም ለመተኮስ አልተሠሩም። ጠላትም ቢሆን ወዶታል፤ ጃፓን ከጦርነቱ በፊት ፈቃዱን ገዝታ እዚያው አገሯ ትሠራው ነበር።

አጋሰስ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ ስታሊንግራድን ይመልከት። የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ ጎሪንግ በሶቪየት ጦር ለተከበበው የጀርመን 6ኛ ጦር በቀን 500 ቶን በአየር አደርሳለሁ አለ። የደረሰው በአማካይ ከ100 ቶን ብዙም አይዘልም። ዩንከርስ 52 የተባለው የጀርመን የጭነት አውሮፕላን መዓት በብርድና በጥይት አለቀ፤ ጦሩ ፌብሩዋሪ 1943 ላይ ተርቦ እጁን ሰጠ።

ሰላም ሲወርድ ብዙ ተዋጊ አውሮፕላን ለብረት ማቅለጫ ሲሸጥ ሲ-47 ሥራ አልፈታም። ኤፕሪል 8 ቀን 1946 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በማን መሰለሽ? ከአሜሪካ ጦር በተረፈ ሲ-47።

«በእኛ ሰማይስ?» ይላል ሌላው።

ጥሩ ጠየቅህ፣ ወንድሜ፤ እዚህም አጋሰሱን ታገኘዋለህ። ጣሊያን በ1940 ጦርነት ስትገባ የስዊዝ ቦይ በእንግሊዝ እጅ ስለነበር እዚህ ያለው ጦሯ ከአገሩ ተቆረጠ። ስለዚህ ፊያት ሲአር-42 የተባሉትን ተዋጊዎች እየፈታታች ሳቮያ-ማርኬቲ 82 በተባለው የጭነት አውሮፕላኗ ሆድ ጭና በሊቢያ በኩል ላከቻቸው። አውሮፕላን አውሮፕላንን አዝሎ! ወታደሮቹ «ካንጋሮ» ያሉት ወደው አይደለም። ግን በዚህ መንገድ የሚመጣው መለዋወጫ ጦር አይቀልብም፤ ሜይ 5 ቀን 1941 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

የአያቴ የጣሊያን ሜዳሊያ ስንት ያወጣል?

እኔ ገማች አይደለሁም። የቅርስ ባለሙያ ይጠይቁ።

የመጨረሻው ደብዳቤ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ጸሐፊው እርሻቸውን ሲያርሱ ክንፍ ያለው ዝገታም ብረት አግኝተዋል። ከአውሮፕላን የተጣለ ይሆን? ዝገቱን በምን ላጽዳው? ይላሉ።

አያጽዱት! አይንኩት፣ አያንቀሳቅሱት፣ ፎቶ ለማንሣትም አይጠጉት። ብረቱ ዛገ ማለት ፈንጂው ሞተ ማለት አይደለም፤ እርጅና ማቀጣጠያውን ይበልጥ አደገኛ ሊያደርገው ይችላል። ጀርመን ውስጥ እስከ ዛሬ የዚያ ጦርነት ቦምብ ሲገኝ ባለሙያ እስኪያከሽፈው ድረስ ሰፈር ሙሉ ሰው ከቤቱ ይወጣል። ከሩቅ ምልክት ያድርጉ፣ ልጆችንና ከብቶችን ያርቁ፣ ለቅርብ ፖሊስ ጣቢያ ይናገሩ። «ነገ ገበያ ስወጣ» አይበሉ፤ ዛሬ። ከየትኛው አውሮፕላን እንደወደቀ ባለሙያዎቹ ካነሡት በኋላ ይጻፉልኝና እናወራለን።