ራጁ ላይ ያየሁት መስመር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ የእናቴ የታች ጥርሶች ተነቃነቁ። ልታስነቅል ብትሄድ ሐኪሙ ‹የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ?› ብሎ ጠየቃት። ጥርስና የወገብ አጥንት ምን አገናኛቸው?» አንብቤ ስልኩን አስቀመጥኩና ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ያ ሐኪም የጠየቀውን እኔ ሳልጠይቅ ያለፍኩበት ቀን ትዝ ብሎኝ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት መጡ። ድዳቸው አብጧል፣ ሲነካ ይደማል፣ ከጥርሳቸው ሥር ቢጫ ድንጋይ ተጋግሯል። ሁለት የፊት ጥርሶቻቸው በምላስ ሲገፉ ይወዛወዛሉ። የመንጋጋ ራጅ አዘዝኩ።

ያኔ ፊልም በጨለማ ክፍል ታጥቦ፣ በመቆንጠጫ ተሰቅሎ ነበር የሚደርቀው። ውኃው እየተንጠባጠበ መጣልኝ። የታችኛው መንጋጋ ጠርዝ ወፈር ያለ ነጭ መስመር ሆኖ መታየት ነበረበት። የእሳቸው ግን እንደ ክር ቀጥኗል፤ ከውስጥ በኩልም ብል እንደ በላው ጨርቅ ተቦርቡሯል። ራጅ አንሺውን ጠርቼ «ፊልሙን አቃጠልከው» ብዬ ተቆጣሁት። መልስ አልሰጠኝም። ሄዶ ከእሳቸው በፊት ያነሳውን የሌላ ታካሚ ፊልም አምጥቶ ጎን ለጎን ያዘልኝ። ያኛው ጥርት ያለ ነው። እኔ ግን ዶክተር አይደለሁ! «እሺ፣ ሂድ» አልኩትና ጥርሶቹን ነቀልኳቸው።

ከዓመት በኋላ እኒያ እናት ቀኝ እጃቸው በጀሶ ታስሮ ተመለሱ። በር ላይ አዳልጧቸው ተመርኩዘው ወድቀው ነው። የሠራሁላቸውን ሰው ሠራሽ ጥርስ በግራ እጃቸው ይዘው «እንጀራ ስበላ ይንሸራተታል» አሉኝ። ጀሶው ዓይኔ ሥር ነው። ጥርሱን ሞርጄ፣ አስተካክዬ ሸኘኋቸው። በሦስተኛው ዓመት ልጃቸውን መንገድ ላይ አገኘኋት፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ናቸው።

የልጅቷ ጥያቄ መልስ ይኸው። ድድን የሚያሳምመው ጥርስ ላይ የሚጋገረው ባክቴሪያ ነው፤ የአጥንት መሳሳት ብቻውን ድድ አያቆስልም። ሴት ስታርጥ ግን ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይቀንስና አጥንት የሚያፈርሱት ሴሎች ከሚገነቡት ይበረታሉ። የተቆጣ ድድ ደግሞ እነዚያኑ አፍራሽ ሴሎች ልክ ጥርሱ በተተከለበት አጥንት ላይ ይቀሰቅሳቸዋል። ከሁለት ወገን የሚፈርስ ግድግዳ በሉት። ያ የመንጋጋ መስመር ከ3 ሚሊ ሜትር ከቀጠነ የሌላውንም አጥንት ማስመርመር ተገቢ ነው። ራጅ አንሺው ይህን ቁጥር አያውቅም፤ ዓይኑ ግን ከእኔ ይሻል ነበር።

ጥርስ ቦርሹ ብዬ አልጽፍላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የዘንድሮ ወጣት ጥርስ ለማስነጣት ይሰለፋል፣ ስለ ድዱ ግን አይጠይቅም። እንዲህ እላለሁ እንጂ ይህንን ጥያቄ ያመጣችልኝም ወጣት ናት፤ እኔ በሷ ዕድሜ አልጠየቅኩም።

ልጄ፣ ሐኪሙ የጠየቀው በምክንያት ነው። እንደ አሌንድሮኔት ያሉ የአጥንት መሳሳት መድኃኒቶች አፍራሾቹን ሴሎች ያዳክማሉ። ለዳሌ ደግ ነው፤ የተነቀለ ጥርስ ቦታ እንዲሽር ግን አፍራሾቹም ያስፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ ባይሆንም የመንጋጋው አጥንት ሳይሽር ራቁቱን የሚቀርበት አለ። ሐኪሞች ይህን መጻፍ የጀመሩት በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በመርፌ የሚሰጥም አለና የመድኃኒቱን ስምና የጀመሩበትን ጊዜ በወረቀት ጽፈሽ አስይዣቸው። በራሳቸው ግን እንዳያቋርጡት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ እናትሽ ወድቀው እጃቸው ተሰብሮ ያውቃል? ጻፊልኝ።