ዓሣ ነባሪን በሳተላይት ታግ መከታተል፦ የጎጃም ጠያቂዎችና መልሶቻቸው

ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ናቸው፤ አንድ የዘጌ ዓሣ አጥማጅም አሉበት። ለጎጃም ሰው ባሕር ማለት ጣና ነው፣ ጨዋማውን ያየው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ምሳሌው ከዚሁ፣ እውነታው ከውቅያኖስ ይሁን ተብሏል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከደብረ ማርቆስ፦ መምህር፣ ሳተላይቱ ዓሣ ነባሪውን ከላይ ሆኖ ያየዋል ማለት ነው?

አያየውም፣ ይሰማዋል። ታጉ፣ ማለትም እንስሳው ላይ የሚተከለው ትንሽ ሬዲዮ ላኪ፣ በ401.65 ሜጋኸርዝ አካባቢ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ መልእክት ይልካል። ከ650 እስከ 850 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከዋልታ ዋልታ የሚዞሩ፣ አርጎስ የተባለውን የመከታተያ ሥርዓት መቀበያ የተሸከሙ ሳተላይቶች ይቀበሉታል። አርጎስ ከ1978 ጀምሮ እየሠራ ነው።

ቦታው የሚወጣው በዶፕለር ነው። ቅጥቅጥ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፎ ሲሄድ ይወፍራል። ዐይንህን ጨፍነህ መንገድ ዳር ብትቆም እንኳ በትክክል ያለፈበትን ቅጽበት ታውቃለህ። ለውጡ ድንገተኛ ከሆነ አጠገብህ ነው ያለፈው፤ ዝግ ብሎ ከተለወጠ ራቅ ብሎ። እዚህ ነፊው ዓሣ ነባሪው፣ ተጓዡ ደግሞ ሰሚው ሳተላይት ነው፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። በቀኝ ይሁን በግራ ግን ድምፁ አይነግርህም። ስለዚህ ስሌቱ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ያወጣል፣ ከሳተላይቱ መንገድ ግራና ቀኝ። አንዱ እውነተኛው ነው፣ ሌላው ጥላው። ይህን ያዝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዳንግላ፦ በቀን ስንት ነጥብ ይገኛል? ትክክለኛነቱስ?

እንደ ኬክሮሱ ነው። ሁለት ሳተላይት ብቻ ብንቆጥር፣ በምድር ወገብ ላይ ያለ ታግ በቀን 7 ጊዜ ገደማ ያልፉበታል፤ ዋልታ ላይ ያለው 28 ጊዜ ያህል። አንዱ ማለፊያ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ዓሣ ነባሪው በዚያች 10 ደቂቃ ውስጥ ብቅ ካላለ ያ ዙር ባከነ።

የጥራት ደረጃው በፊደልና በቁጥር ይሰጣል። 3 ከ250 ሜትር በታች ስህተት፣ 2 እስከ 500 ሜትር፣ 1 እስከ 1,500 ሜትር፣ 0 ከዚያ በላይ። ለእነዚህ ቢያንስ 4 መልእክት በአንድ ማለፊያ ያስፈልጋል። በ3 መልእክት የተገኘው ኤ፣ በ2 የተገኘው ቢ ይባላል። ብዙ ከሚጠልቅ እንስሳ የሚመጣው አብዛኛው ኤ እና ቢ ስለሆነ ኪሎ ሜትሮች ሊስት ይችላል። ሳተላይቶቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚዞሩ ስህተቱ በምሥራቅና ምዕራብ አቅጣጫ ይረዝማል። እንግዲህ በእጅህ ያለው ሳተላይት ባለፈበት ሰዓት የታየ፣ ዙሪያው የደበዘዘ ነጥብ ነው። በነጥቦቹ መካከል በካርታ ላይ የምታየውን መስመር ያሰመርኸው አንተ ነህ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ታጉ እንዴት ነው የሚተከለው? ተይዞ ነው?

40 ቶን የሚመዝን እንስሳ ማን ይይዘዋል! በሩቅ ይተከላል። ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው በጀርባ ክንፉ ላይ የሚጣበቅ፣ ክብደቱ 50 ግራም ገደማ፣ 6.5 ሳንቲ ሜትር ያህል በሚረዝሙ ሁለት የቲታኒየም መርፌዎች የሚይዝ ትንሽ ታግ ነው፤ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ይቆያል። ሁለተኛው ሲሊንደር መሰል ሆኖ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ጀርባው ስብና ጡንቻ ይገባል፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይሠራል። በመምጠጫ ኩባያ የሚጣበቅም አለ፣ እሱ ግን ለሰዓታት የሚሆን ነው፤ ለጉዞ ጥናት አትቁጠረው።

ከትንሽ ጀልባ ከጎንና ከኋላ ቀስ ተብሎ ይቀረባል፤ ከ3 እስከ 8 ሜትር ድረስ። በአየር ግፊት በሚሠራ ጠመንጃ ወይም እንደ ጠመንጃ ምላጩ ተስቦ በሚለቀቅ ቀስት ይወረወራል። ሰዓቱ ወሳኝ ነው፦ እንስሳው ወደ ጥልቁ ሊገባ ጀርባውን ሲያጎብጥ። ያኔ ከጀርባ ክንፉ በፊት ያለው ቦታ ከሁሉ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ዒላማውም እሱ ነው። አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ዝቅ ካለ ታጉ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ዝም ይላል፤ እንስሳው ሲተነፍስ አንቴናው ከውሃ አይወጣማ። ለዚህ ነው በተተከለበት ቅጽበት ፎቶ የሚነሳው፦ በኋላ ምልክት ሲጠፋ ታጉ ተበላሸ ወይስ ቦታው ዝቅ አለ የሚለውን የሚለየው ያ ፎቶ ነው። ግልገል፣ የከሳ እንስሳና አዲስ የወለደች እናት አይነኩም።

ከባሕር ዳር፦ ከመውጣታችን በፊት ታጉን እንዴት እንፈትሻለን?

ጥሩ ጥያቄ፤ ብዙ ብር የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ታግ ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል። መጀመሪያ ሰማይ በማይጋረድበት ግቢ አስቀምጠህ መልእክቱ አርጎስ ላይ መድረሱን ታያለህ። ቀጥሎ የባልዲ ሙከራ። በታጉ ላይ ሁለት የብረት ነጥቦች አሉ፤ በመካከላቸው ጨዋማ ውሃ ካለ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ታጉም «ጠልቄአለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ሲደርቅ ይልካል፤ መቀየሪያው የምንለው ይህን ነው። ባልዲውን ከቧንቧ ወይም ከጣና ቀድተህ ብትሞክር መቀየሪያው ውሃ መሆኑን ላያውቀው ይችላል፣ አንተም ተበላሽቷል ትላለህ። በአንድ ሊትር 35 ግራም ጨው አሟሟ። መቀየሪያው ካልሠራ ታጉ ውሃ ውስጥ ሆኖ ለማንም የማይደርስ መልእክት እየላከ ባትሪውን ይጨርሳል።

ባትሪን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ 45,000 መልእክት የሚችል ባትሪ በቀን 250 ብታስልከው 180 ቀን ነው። ሰዓቱን በሳተላይቶች ማለፊያ ሰሌዳ ላይ አስተካክለህ ማንም በማያልፍበት ሰዓት ዝም ብታሰኘው ዕድሜው ይረዝማል።

ከቡሬ፦ ቁስሉ አያመረቅዝም?

ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ይህን አለባብሶ ማለፍ አይገባም። በየካቲት 2016 ኤል95 የተባለ ገዳይ ዓሣ ነባሪ ታግ ተተከለለት፤ በመጋቢት መጨረሻ በካናዳ ምዕራብ ዳርቻ ሞቶ ተገኘ። የመርፌው ስባሪ ክንፉ ውስጥ ነበር፤ በቁስሉ በኩል የገባ የፈንገስ ኢንፌክሽን ለሞቱ አስተዋጽኦ እንዳደረገ የባለሙያዎች ቡድን ደመደመ። ታጉ በመጀመሪያው ሙከራ ባሕር ውስጥ ወድቆ፣ ከዚያ ወጥቶ በአልኮል ብቻ ጸድቶ ነበር። ኤል95 የነበረበት የዓሣ ነባሪዎች ቡድን መኖው ተመናምኖበት ቁጥሩ ከመቶ በታች የወረደ ስለነበር ታግ መትከሉ ቆመ።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ ወደ ሰውነት የሚገባው ክፍል በጋዝ ይጸዳል፣ ከታሸገበት የሚወጣው በመጨረሻው ሰዓት ነው፣ በጓንት እንኳ ጫፉ አይነካም። ውሃ የነካ ታግ ለዚያ ቀን አበቃ፤ ቢያስቆጭም ወደ ሣጥኑ ይመለሳል።

ከዘጌ፣ አንድ አባት፦ ልጄ፣ በጣና ነጭ ዓሣ ላይ ቢተከልስ? ክረምት ሲገባ የት የት እንደሚሄድ ብናውቅ መረባችንን ባልጣልንበት ነበር።

አባባ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፤ መሣሪያው ግን ሌላ መሆን አለበት። ዓሣ ነባሪ ለመተንፈስ ይወጣል፤ ነጭ ዓሣ ግን በስንጥቡ ስለሚተነፍስ አይወጣም፤ ሳተላይት አይሰማውም። ለእሱ የሚሆነው ሆዱ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የድምፅ ታግ ነው። በጉማራና በግልገል አባይ አፍ ላይ ውሃ ውስጥ ሰሚ መሣሪያ ይተከላል፣ ዓሣው ባለፈ ቁጥር ቁጥሩን ይመዘግባል። ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ወንዞቹ አፍ መሰብሰቡን እርስዎ ከማናችንም በላይ ያውቁታል፤ መሣሪያው የሚጨምረው ቀኑንና ሰዓቱን ነው። የወንዝ አፍ በክረምት ደለል ይዞ ስለሚወርድ ሰሚው ከመሬቱ ከፍ ብሎ ካልታሰረ ይቀበራል።

ከሞጣ፦ ጂፒኤስ እያለ ይህ ሁሉ ዶፕለር ለምን?

ስልክህ ከጠፋበት ሲነሣ ቦታህን ለማወቅ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ታውቃለህ፤ የሳተላይቶቹን ምሕዋር እስኪያነብ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ዓሣ ነባሪ ተንፍሶ የሚመለሰው በሰከንዶች ነው። አሁን የጂፒኤስን ምልክት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ እንደ ፎቶ ቀርጸው ስሌቱን ለኋላ የሚያቆዩ ታጎች አሉ፤ ስህተታቸው በአሥር ሜትሮች ነው የሚቆጠረው። ግን እሱንም ቢሆን ወደ እኛ የሚያደርሰው መልእክተኛ ያው አርጎስ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ነጥቡ ሐርጌሳ ላይ ቢወድቅስ?

ያው ጥላው ነው፣ ወይም ቢ ደረጃ። የብስ ላይ ያለውን ማንም ይጥለዋል፤ አደገኛው ባሕር ላይ ያለው ሐሰተኛ ነጥብ ነው። በፍጥነት ትለየዋለህ። አንዱ ነጥብ 04:10፣ ቀጣዩ 04:34 ነው እንበል፤ ርቀታቸው 31 ኪሎ ሜትር። 24 ደቂቃ 0.4 ሰዓት ነው፣ 31 ሲካፈል ለ0.4 በሰዓት 77.5 ኪሎ ሜትር። ይህን የሚሮጥ ዓሣ ነባሪ የለም። ሃምፕባክ ለተባለው የዓሣ ነባሪ ዝርያ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ገደብ ማድረግ የተለመደ ነው። ከሁለቱ የትኛው ሐሰት እንደሆነ ለማወቅ ግን ከፊቱና ከኋላው ያሉትን እይ፤ ሁለቱንም አትጣል።

ከባሕር ዳር፦ ሲመገብና ሲያልፍ በምን ይለያል?

በአካሄዱ። የሚጓዝ ቀጥ ብሎ ይፈጥናል፤ መኖ ያገኘ ይዘገያል፣ ይጠመዘዛል። ልክ እንደ ከብት ነው፦ ወደ ውሃ ሲነዳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሣር ላይ ሲለቀቅ ይዞራል። ለዚህ የሚያገለግለው የኮምፒውተር ሞዴል የነጥቦቹን ስህተት ተቀብሎ መንገዱን በየ6 ሰዓቱ ይገምታል፣ ለእያንዳንዱም የአካሄድ ደረጃ ይሰጣል። ግን መዘግየት ሁሉ መብላት አይደለም፤ ማረፍም፣ ማጥባትም፣ መጣመርም ያዘገያል።

ውጤቱን ከውሃ ሙቀት፣ ከጥልቀትና ከአልጌ ብዛት ጋር ስታያይዘው የመኖሪያ ካርታ ይሆናል። በ2014 የወጣ ጥናት ከ1993 እስከ 2008 ታግ የተተከለላቸውን 171 ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች መረጃ አሰባስቦ፣ በብዛት የሚቆዩበት ቦታ በሎስ አንጀለስና በሳን ፍራንሲስኮ መግቢያ ካለው የመርከቦች መንገድ ጋር መደራረቡን አሳይቷል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ሦስት ዓሣ ነባሪ 900 ነጥብ ቢሰጡህ ያለህ ናሙና 3 እንጂ 900 አይደለም።

ከዳንግላ፦ ለእኛ የሚቀርብ አለ?

አለ። የዐረብ ባሕር ሃምፕባኮች ከሌሎች ወገኖቻቸው በተለየ ወደ ዋልታ አይሰደዱም፤ በኦማን ዳርቻ ያሉት ከመቶ በታች እንደሆኑ ይገመታል። በ2017 ታግ የተተከለላት ሉባን የምትባል እንስት ከኦማን ተነሥታ ባሕሩን አቋርጣ ሕንድ ደረሰች፣ ከዚያም ተመለሰች። ሉባን በዐረብኛ ዕጣን ነው፤ ጅራቷ ላይ የዕጣን ዛፍ የሚመስል ምልክት ስላላት ነው የተሰየመችው።

ከቡሬ፦ ጥልቀትስ ይለካል?

በግፊት ይለካል። በ2014 በወጣ ጥናት አንድ የኩቪየር ባለምንቃር ዓሣ ነባሪ 2,992 ሜትር መጥለቁ ተመዝግቧል። ከደጀን አፋፍ እስከ አባይ ድልድይ ያለውን ቁልቁለት ሁለት ጊዜ ብትደርበው ወደዚያ ይጠጋል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ታግም ጀልባም የለንም። ምን ላይ እንለማመድ?

ሙቭባንክ የሚባለው የእንስሳት ጉዞ መረጃ ቋት ላይ ለሁሉም ክፍት የሆኑ መረጃዎች አሉ። አንዱን አውርደህ አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ክፈተው፤ አኒሞተም የሚባለው ነፃ ጥቅል የአርጎስን ስህተት ያውቃል። ከሁሉ አስቀድመህ ሰዓቱን አስተካክል። መረጃው በግሪንዊች ሰዓት ነው። 04:10 ማለት በእኛ ሌሊቱ 10 ሰዓት አይደለም፤ ዓሣ ነባሪው በእኛ የሰዓት ክልል ካለ 3 ጨምር፣ 7:10 ይሆናል፣ እሱም በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ከ10 ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ዓሣ ነባሪው ሌሊት ይመገባል ብሎ ይጽፋል፣ እንስሳው ግን ፀሐይ ወጥቶለት ነበር።