ጸሎት በአደባባይ፦ ስለ አሜሪካ ሕግ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

የምኖረው ሲያትል ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የሃይማኖት ነፃነት ጉዳይ ሲነሳ የምጠራው እኔ ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ግን የፍርድ ቤት ውሳኔዎቹን ዓመታት ተከታትያለሁ። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጥያቄው በዝቶ ጊዜ አጠረን። የቀረውን እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሎት ክልክል ነው ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ይሄ ወሬ በጣም የጎዳው እኛኑ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1962 የከለከለው የኒውዮርክ ባለሥልጣናት ራሳቸው ጽፈው በየክፍሉ እንዲባል ያደረጉትን ጸሎት ነው። በ1963 ደግሞ ትምህርት ቤት የሚያዘውን የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ከለከለ። ተማሪ በራሱ ፈቃድ እንዳይጸልይ ግን አላለም። ብዙ ወላጅ «ክልክል ነው» ብሎ የገዛ ልጁን ዝም ያሰኛል። ማንም ሳይነጥቀን እኛው አስረከብነው።

ጥያቄ፦ የዚያ አሠልጣኝ ነገር እንዴት ነበር? አንዱ ጀግና ይለዋል፣ ሌላው ሕግ ጣሰ ይላል።

ጆሴፍ ኬኔዲ ነው። ከተማው ብሬመርተን ከእኛ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የቀድሞ ማሪን ወታደር ሲሆን በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካን ፉትቦል ረዳት አሠልጣኝ ነበር። ከ2008 ጀምሮ ጨዋታ ሲያልቅ ሜዳው መሃል፣ 50 ያርድ መስመሩ ላይ ይንበረከክና ለአፍታ ያመሰግናል። መጀመሪያ ብቻውን ነበር። ቆይቶ ተጫዋቾች ተቀላቀሉት። እሱም ሃይማኖታዊ ንግግር ማድረግ ጀመረ።

በ2015 የትምህርት ቤቱ አስተዳደር «አቁም» ብሎ ጻፈለት። ንግግሩን ተወ። በአጭሩ ተንበርክኬ ልጸልይ ግን አለ። በዚያው ጥቅምት ሦስት ጨዋታ ላይ ተንበርክኮ ከሥራ ታገደ። ፈርስት ሊበርቲ የሚባለው፣ ስለ ሃይማኖት ነፃነት የሚሟገት የቴክሳስ የሕግ ተቋም ጉዳዩን ያዘለት። ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰኔ 2022 ላይ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ፈረደለት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጎርሰች ናቸው። በ2023 ተመልሶ አንድ ጨዋታ አሠለጠነ፣ ተንበረከከ፣ ከዚያ ሥራውን ለቀቀ።

አሁን የኔን ሐሳብ ልንገራችሁ። ዳኛ ሶቶማዮር በልዩነት ሐሳባቸው ውስጥ ፎቶ አስገብተዋል፤ ተጫዋቾች ከበውት። አንድ ወላጅ ልጃቸው ሳያምንበት የተቀላቀለው እንዳያጫውቱኝ ብሎ ፈርቶ እንደሆነ መናገራቸውም ተጽፏል። ይህን ጉዳይ ስንደግፍ ያን ልጅ መርሳት የለብንም። ሰውየው ብቻውን ሲንበረከክ ከጎኑ እቆማለሁ፤ ማንም ባለሥልጣን ሊያስነሳው አይገባም። አሠልጣኝ ግን ማን እንደሚሰለፍ የሚወስን ሰው ነው። ልጆቹን ሰብስቦ ሲሰብክ ልከራከርለት አልችልም።

ጥያቄ፦ ልጄ ምሳ ላይ ስትጸልይ ተቆጧት። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ይሄ እኛም ዘንድ ደርሷል። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነው። ካፌቴሪያ ውስጥ የምሳ ዕቃውን ከፍቶ፣ ሽሮው ገና እየጨሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አጎነበሰ። ተቆጣጣሪዋ ትከሻውን ነካ አድርጋ «እዚህ አይቻልም» አለችው። ልጁ ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት ገብቶ መጸለይ ጀመረ። እናቱ ይሄን ስትነግረኝ እንባዬ መጣ።

ጋዜጠኛ አልጠራንም። ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን፦ የሆነውን፣ ቀኑን፣ የምንጠይቀውን። የፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ጸሎት ያወጣውን መመሪያም አያያዝን። የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር የተፈቀደ ጸሎትን እንደማይከለክል በየዓመቱ ማረጋገጫ መስጠት አለበት፤ ብዙ ርዕሰ መምህራን ግን ይህን አያውቁም። በማግስቱ ደውለው ይቅርታ ጠየቁ። አንቺም ከደብዳቤ ጀምሪ። እምቢ ካሉ ነው ጠበቃ የሚመጣው።

ጥያቄ፦ የመጽሐፍ ቅዱስ ክበብ ማቋቋምስ? ሙስሊሞቹም እኛም እንፈልጋለን ቢሉ?

ይቻላል። የ1984ቱ የእኩል ዕድል ሕግ አለ፤ በ1990 ከኦማሃ በመጣ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጽንቶታል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ለቼዝ ክበብ ክፍል ከሰጠ ለጸሎት ክበብም ይሰጣል። የሚመሩት ግን ተማሪዎቹ ናቸው።

ሙስሊሞቹም መብታቸው ነው። እንደውም ብታግዟቸው ደስ ይለኛል። በ2015 አንድ ሙስሊም እስረኛ አርካንሳስ ውስጥ ጢሜን ላሳድግ ብሎ 9 ለ 0 አሸንፏል። ክርስቲያኖችም ይጠቀሙበታል፣ ሕጉ አንድ ነውና።

ጥያቄ፦ ጌታ «ወደ እልፍኝህ ግባ» አላለም? ለምን አደባባይ እንወጣለን?

ብሏል፣ ማቴዎስ 6 ላይ። እዚያ የተወቀሰው ለታይታ የሚጸልይ ልብ ነው። ራሱ ጌታ በአልዓዛር መቃብር ደጃፍ ሕዝብ እየሰማው ጸልዮአል። ዳንኤልም አዋጁ መውጣቱን እያወቀ መስኮቱ ተከፍቶ ተንበረከከ። እልፍኜ የምገባው እኔ ስመርጥ ነው። ባለሥልጣን ገፍቶ ሲያስገባኝ ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ እኛ በደርግ ጊዜ እውነተኛ ስደት አይተናል። እዚህ ለተራ ነገር ይሄ ሁሉ ክስ ምንድን ነው?

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ አይነጻጸርም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ተገድለዋል። እናቴ መጋረጃ ጋርዳ፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ ታስተምረን ነበር። አንድ አሜሪካዊ አሠልጣኝ ከሥራ መታገዱን «ስደት» ስል አይሰሙኝም። ግን ያ የሽንት ቤቱ ልጅ ሲነገረኝ ትዝ ያለኝ የእናቴ መጋረጃ ነው። ለዚህ ነው ነገሩ ደብዳቤ ጽፈን በምንጨርሰው ደረጃ ላይ እያለ የምቸኩለው።

ጥያቄ፦ የከተማው ምክር ቤት ስብሰባውን በጸሎት እንድከፍት ጋብዞኛል። ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል ፓስተር። በ2014 በኒውዮርክ የግሪስ ከተማ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ፈቅዷል። የኢየሱስን ስም መጥራትም ይቻላል። ሌላውን እምነት መንቀፍ ወይም በጸሎት ሰበብ መስበክ ግን አይገባም። ቅሬታ ሲነሳ ከተማዋ አንድ አይሁዳዊና የባሃኢ እምነት ተወካይም ጋብዛ ነበር፤ የእርስዎም ምክር ቤት እንዲሁ ቢያደርግ አይከፋዎት። ያሳጥሩት። ለከንቲባውም፣ ለቆሻሻ ሠራተኞቹም ይጸልዩ። «ሁላችሁም ተነሡ» አይበሉ፤ የፈለገ ይነሣል። መጨረሻውን በአማርኛ ቢያደርጉት፣ ከኋላ የሚቀመጡት እናቶቻችን «አሜን» ይላሉ።