ከአጥር ያመለጠ ተኩላና ወደ ዱር የተመለሰ ተኩላ

ጥያቄ፦ ተኩላ በጠፋባቸው አገሮች እንስሳውን መልሶ ስለማስፈር የሚወጡ ጽሑፎችን እከታተላለሁ። ደጋፊዎቹ ተኩላ ሰውን ይሸሻል ይላሉ። ይሁን እንጂ አንድ ተኩላ ከእንስሳት ማሳያ ስፍራ ባመለጠ ቁጥር ነዋሪዎች እንዲጠነቀቁ ይነገራቸዋል። ከሁለቱ የትኛውን እንመን? ደግሞስ በአጥር ውስጥ ያለውን መጠበቅ ያልቻለ ሰው በዱር የለቀቀውን እንዴት ሊቆጣጠር ይችላል?

መልስ፦ ተኩላ ሰውን ይሸሻል የሚለው አነጋገር የሚሠራው በዱር ተወልዶ ላደገው ነው። በአጥር ውስጥ የኖረ ተኩላ ግን ሰውን የሚያውቀው ሥጋ ይዞለት እንደሚመጣ ፍጥረት ነው፤ በተለይ በግልገልነቱ ከእናቱ ተለይቶ በጡጦ ካደገ፣ ለሰው ያለው ፍርሃት እጅግ ይቀንሳል። ፍርሃት ማጣቱ ግን ለማዳ አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ2012 በስዊድን የኮልሞርደን የእንስሳት ማሳያ ስፍራ አንዲት ተንከባካቢ ብቻዋን ወደ ግቢው በገባችበት ጊዜ ሕይወቷን ያጠፉት በሰው እጅ ያደጉ ተኩላዎች ነበሩ። ስለዚህ የጥንቃቄው ማሳሰቢያም ሆነ የደጋፊዎቹ አነጋገር ትክክል ነው፤ የሚናገሩት ግን ስለ አንድ ዓይነት እንስሳ አይደለም።

በተግባር ሲታይ ደግሞ ካመለጠ በኋላ ከማንም በፊት የሚጎዳው ተኩላው ራሱ ነው። ማደን አልለመደም፣ መንገድና የባቡር ሐዲድ አያውቅም፣ ሲርበውም የሚያመራው ወደ ሰው መኖሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 በጀርመን የባቫሪያ ደን ብሔራዊ ፓርክ 6 ተኩላዎች ከግቢያቸው ወጡ፤ አንዱ በባቡር ተገጭቶ ሞተ፣ ኃላፊዎቹም በሕይወት ለመያዝ ከሞከሩ በኋላ ለሕዝብ ደኅንነት ሲሉ ከቀሩት አንዳንዶቹን እስከ መግደል ደረሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥር 2018፣ በእንግሊዝ አንድ ተኩላ ቢያመልጥም በዚያው ቀን ያለ ጉዳት ተይዟል። በመጀመሪያው አጋጣሚ በሩን ሰው ከፍቶት ነበር፤ በሁለተኛው አጥሩን የጎዳው ኃይለኛ ነፋስ ነው። በሁለቱም ተኩላው አጥሩን በብልሃት አሸንፎ አልወጣም። ስለዚህ ወደ መሬት የተቀበረ ሽቦ፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት ድርብ በር፣ ከእያንዳንዱ ማዕበል በኋላ የሚደረግ ፍተሻ ከአጥሩ ቁመት ያልተናነሰ ዋጋ አላቸው፤ ስለ እነዚህ ነገሮች ግን ጎብኚም ሆነ ጋዜጠኛ ሲጠይቅ እምብዛም አይሰማም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ በግልጽ ለመናገር፣ ዱር የገባን ተኩላ የሚቆጣጠር የለም። በአንገቱ የሚታሰረው የሬዲዮ መሣሪያ ያለበትን ያሳውቃል እንጂ አይመልሰውም። ቁጥጥሩ ያለው ከመለቀቁ በፊት፣ በምርጫው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 ወደ አሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ የገቡት 31 ተኩላዎች ከማሳያ ስፍራ የመጡ አልነበሩም። ከካናዳ ዱር የተያዙ፣ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ማደን የሚያውቁ ነበሩ፤ ወደ መጡበት አገር እንዳይሮጡም ሰው እምብዛም በማይቀርባቸው ማቆያዎች ውስጥ ለሳምንታት እንዲቆዩ ተደርጓል።

ምርጫው ሲላላ ምን እንደሚከተል የአሜሪካዋ ግዛት ኮሎራዶ አሳይታለች። በታኅሣሥ 2023 ከሌላዋ ግዛት ከኦሪገን መጥተው ከተለቀቁት 10 ተኩላዎች መካከል ቀደም ሲል ከብት ካጠቁ መንጋዎች የተወሰዱ ነበሩበት። ከእነዚህ አንድ ጥንድ በቀጣዩ ዓመት የአርቢዎችን ከብት በመግደሉ ከነግልገሎቹ ተይዞ ወደ ማቆያ ገባ፤ ወንዱም እዚያው ሞተ። እኔን የሚያሳስበኝ ከሰው መበላት ይልቅ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ተኩላ የማስፈሩን ውሳኔ በድምፅ የሚያጸድቀው በአብዛኛው የከተማ ሰው ሲሆን፣ ኪሳራውን የሚቀበለው አርቢው ነው። ካሳ መክፈል ግዴታ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ጠባቂ ውሻና የሌሊት በረት ቀድሞ ካልተዘጋጀ ካሳው ጠብን አያስቀርም።

ስለ ሰው ሕይወት ለሚሰጉ አንባቢዎች ደግሞ፣ የኖርዌይ የተፈጥሮ ምርምር ተቋም ባሰባሰበው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2020 ድረስ ተኩላ ካጠቃቸው 489 ሰዎች ውስጥ 380ዎቹን የነከሰው የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ተኩላ ነበር፤ በጠቅላላው የሞቱት 26 ናቸው። ስለዚህ በሽታው ባለበት አካባቢ ውሾችን መከተብ ተኩላን ከማሳደድ ይልቅ ሰውን ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከሆነ፣ በአጥር ውስጥ የተወለደ ተኩላ ፈጽሞ ወደ ዱር ሊመለስ አይችልም ማለት ነው?

መልስ፦ ይችላል፤ ሌላ ምርጫ ያልነበረበት ጊዜም አለ። የአሜሪካው ቀይ ተኩላ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዱር እንደጠፋ ከተነገረ በኋላ፣ በ1987 በሰሜን ካሮላይና እንደገና የተለቀቀው በአጥር ውስጥ ከተራባው ዘር ነው። ይሁንና ብዙዎቹ በጥይትና በመኪና አልቀዋል፤ ኮዮቴ ከሚባለው ትንሽ ተኩላ መሰል የዱር እንስሳ ጋር መዳቀላቸውም ዘሩን አስግቶታል። ከሁሉ የሚከፋው ያለ ፈቃድና ያለ ዝግጅት መልቀቅ ነው፦ በጥር 2025 በስኮትላንድ ማን እንደለቀቃቸው ያልታወቀ 4 ሊንክስ የተባሉ የዱር ድመቶች በብርድ ተገኝተው ከተያዙ በኋላ አንዱ ሞቷል።

የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት በሜክሲኮ ተኩላ ላይ የሚሠራበት ዘዴ ነው። በአጥር ውስጥ የተወለዱ፣ ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላቸው ግልገሎች በዚያው ሰሞን ወደ ወለደች የዱር ተኩላ ዋሻ ተወስደው ከልጆቿ ጋር ይደባለቃሉ፤ እርሷም ሳትለይ ታጠባቸዋለች። ማደንንም ሆነ ከሰው መራቅን የሚማሩት ከእርሷ ነው።